የእናቴ ስም የከፈተው በር

ሎጋን፣ ከብሪዝበን ወረድ ብሎ
ማርች 3 ቀን 2019

ለወንድሜ ልጅ ለናኒሴ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺ ጤና ሆነሽ፣ የእናትሽም የሉፔ ዓይን ቀለል ብሎላት፣ የቤታችሁ ጣሪያም ከነፋሱ ተርፎ ያግኛችሁ ብዬ ፈጣሪን ለምኜ ነው የምጽፈው። እኔ ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ነኝ። ዛሬም የአረጋውያኑን ቤት አንሶላ ሳጥብ እውላለሁ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ መዘምራኑ ፊት ቆሜ እጮኻለሁ፤ ድምፄ እንደ ጉልበቴ አልከዳኝም።

ለምን አልደወለችም እንዳትዪ። ይህ የስልክ ወሬ አይደለም። እኔ እዚህ ስልክ ሳነሳ የመዘምራኑ ግማሽ ሶፋዬ ላይ ነው፤ አንቺ እዚያ ስታነሺ ኔያፉ በሙሉ ጆሮውን ያቆማል። ስለዚህ ወደ እናንተ በምትመጣው በፓስተሩ ሚስት እጅ ልኬዋለሁ። በሙጫ ስላሸግሁት ማንበብ የምትችለው ፖስታው ላይ ያለውን ብቻ ነው።

ነገሩ የኪቲዮኔ ነው። ልጄ ክፉ አይደለም፤ ጓደኛ ነው ያጠመመው። ፖሊስ ደጃፌን መልመድ ሲጀምር ትኬት ቆረጥሁለት። እዚህ የጠመመ ልጅ አያቶቹ አፈር ላይ ይቃና እንደሆነ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። አንቺ በጭነት ቢሮው ተሰሚ ነሽ አሉ። እባክሽ አንድ ሥራ ፈልጊለት፤ ዓይንሽንም ከእሱ አትንቀዪ።

መቼም የእኅት ልጅ በአጎቱ ቤት እንግዳ እንዳልሆነ አልነግርሽም። ፋሁ ነው፣ መብቱ ነው። ወንድሜ ነፍሱን ይማርና፣ ከቤቱ የወደድሁትን አንስቼ ስወጣ አንድ ቀን እንኳ «ምን ያዝሽ?» ብሎኝ አያውቅም። ልጄም እንደዚያው ነው። በላ፣ ወሰደ፣ ሳያስፈቅድ ገባ ብለሽ ፊትሽን እንዳታጠቁሪበት።

የአባትሽ እኅት
ፒሲላ


ኔያፉ፣ ቫቫኡ ደሴት
ኤፕሪል 14 ቀን 2019

ለተከበሩ አክስቴ ለፒሲላ፤

ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ ሰላም እልዎታለሁ። ጉልበትዎን ፈጣሪ ያጽናልዎ። እማዬም ሰላም ብላለች፤ ዓይኗ ግን ከቀን ወደ ቀን እየጨለመባት ነው። አሁን ሰው የምትለየው በአረማመዱ ነው።

ኪቲዮኔ በሰላም ደርሷል። አለቃችን ኢኖኬ መጋዘን አስገብቶታል፤ ዘመድ ከውጭ ዕቃ የሚልክበትን በርሜል ያንከባልላል። ጉልበቱ የሚገርም ነው። እሱ ከመጣ ወዲህ የመንደሩ ልጃገረዶች «አክስቴ የላከችው ዕቃ ደርሶ እንደሆነ» እያሉ ያልተላከ ዕቃ ለመጠየቅ ይሰለፋሉ።

የቢሮ ወሬ ልንገርዎትና ይሳቁ። የጭነቱን መዝገብ የሚይዝ አዲስ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከብሪዝበን መጣልን። ከአሁን በኋላ የማንም ሰው በርሜል ከመጋዘን የሚወጣው ከእኛ አንዳችን በስማችን ገብተን «ይለቀቅ» ስንል ነው። የምታሠለጥነን ልጅ «ፓስወርዱን የረሳ ሰው ይህችን ይጫን» አለች። «ሁለት ጥያቄ ይመጣለታል፤ የእናትህ የትውልድ ቤተሰብ ስም ማን ነው? እናትህ የተወለደችው የት ነው? ልክ ከመለሰ ወዲያው አዲስ ፓስወርድ ያወጣል። ታዲያ መልሱን ከእናንተ በቀር ማንም ማወቅ የለበትም።»

አክስቴ፣ አንድ ኮምፒዩተር ከበን ቆመናል! ከእኛው ጋር የምትሠራው እማማ ሴላ መነጽሯን ቤት ረስታ ስለመጣች መልሷን ጮክ ብላ ትናገራለች፣ እኔ እጽፍላታለሁ። «እናቴ የተወለደችው እዚሁ ኔያፉ ነው» ብትል፣ ኢኖኬ ከጓዳው «ኧረ ሁንጋ ደሴት ነው! ያዋለደቻት የኔ አያት ናት!» ብሎ ጮኸ። ክርክር ሆነ፣ ሁንጋ አሸነፈ። የኔ ተራ ሲደርስማ አፌን እንኳ ሳልከፍት ቢሮው ባንድ ድምፅ «ታኡኮሎ! ሌኢማቱአ!» አለ። ዕቃ ሊቀበል የመጣ ሰውዬ ሳይቀር።

ልጅቷ ግራ ገብቷት «የውሸት ስም መጻፍም ይቻላል እኮ» አለች። እማማ ሴላ እጇን ከጠረጴዛው አነሳች። «እናቴን ልካድ ነው? ያውም በእሁድ ማግስት?»

እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። «ኢኖኬ፣ ይህ እኮ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ መሄድ ነው። እዚህ አገር የማን እናት የማን ልጅ እንደሆነች የማያውቅ ማን አለ? ለቅሶ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ የምናወራው ሌላ ምን አለ?» አልኩት። «አንቺ ደግሞ!» አለኝ፤ «ሌባ ሲመጣ መጀመሪያ ስለ እናትሽ ይጠይቃል እንዴ?» ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «መልሶቼን ለማንም አልተናገርሁም፣ አልናገርም» የሚል ወረቀት ሰጡን፤ እየሳቅን ፈረምን።

ለመዘምራኑ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

የወንድምዎ ልጅ
ናኒሴ


ሎጋን
ጁን 9 ቀን 2019

ለናኒሴ፤

ያሳደገሽ አምላክ ይባረክ፣ እጅሽም ይባረክ። ደብዳቤሽን ለመዘምራኑ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። እማማ ሴላ ጋ ስደርስ አንዷ ሳቅ በሳቅ ሆና ከወንበሯ ወደቀች። ስለ ልጃገረዶቹ ሰልፍም አነበብሁ፤ እናት ነኝና ኩራት ይዞኛል።

ግን በርሜል እስከ መቼ ያንከባልላል? ወገቡ ደህና አይደለም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው። ቢሮ ውስጥ አንድ ወንበር አይጠፋም። ከአንቺ አጠገብ አስቀምጪውና ሥራሽን አሳይው። ልጄ ስልክና ኮምፒዩተር ላይ ጣቱ ፈጣን ነው፤ የጠፋበት ቦታም ሌላ ሳይሆን እሱ ነው።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል? ያንን ሳትጽፊው ቀርተሻል። የሎጋን ጓደኞቹ ይደውሉለት እንደሆነ፣ እሱንም አልጻፍሽም። የምትጽፊው ነገር ካለ ጻፊልኝ። የሚያሳዝነኝ ከሆነ ግን ተዪው፤ የደም ግፊቴን ታውቂያለሽ።

በሚቀጥለው መርከብ አንድ በርሜል ዕቃ እልካለሁ። ለሉፔ ወፍራም ብርድ ልብስ አለበት፣ የቆርቆሮ ሥጋውን ተካፈሉት።

ፒሲላ


ኔያፉ
ኦገስት 25 ቀን 2019

ለተከበሩ አክስቴ፤

ሰላምታዬ በትሕትና ይድረስዎ። ብርድ ልብሱ ደርሶናል፣ እማዬ መርቃዎታለች። ሳልጽፍ የቆየሁት ንቄዎት አይደለም፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ፓስወርዴን ብጽፍ ኮምፒዩተሩ አላውቅሽም አለኝ። ብደግመውም ያው። «አረጀሽ» አለችኝ እማማ ሴላ፤ እሷ ናት እንግዲህ እኔን አረጀሽ የምትለው። እንደረሳ ሰው የእማዬን ቤተሰብ ስም ጻፍሁ፣ ሌኢማቱአን ጻፍሁ፣ ተከፈተልኝ። ስገባ ግን ቤቱን ሌላ ሰው ሲያምሰው አድሯል። ጉምሩክ ያገዳቸው፣ ማንም እንዳይነካቸው የተባሉ በርሜሎች ቅዳሜ ማታ ተለቀዋል። ማን ለቀቃቸው ቢባል፣ ናኒሴ። መጋዘኑን ባየው ቦታቸው ባዶ ነው። ፖሊስ ውስጣቸው ዕፅ ነበረ ይላል።

ቅዳሜ ማታ መዝሙር ልምምድ ላይ ነበርሁ፤ ምስክሬ መዘምራኑ በሙሉ ናቸው። ኢኖኬ ግን «ፕሮግራሙ በስልክም ይከፈታል። እየዘመርሽም መልቀቅ ትችያለሽ» አለኝ።

«ኢኖኬ፣ ያን ቀን የነገርሁህስ? ማንም ሰው በእናቴ ስም ይገባል ብዬህ አልነበር?»

«እንዲህ ያለ ነገር አላስታውስም» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ከብሪዝበን ዋና ቢሮ ሚስ ብሮንዊን የምትባል መርማሪ በኮምፒዩተሩ መስኮት እየሰማችን ነበርና።

እሷም ጠየቀችኝ። «ከአንቺ በቀር የእናትሽን የትውልድ ቤተሰብ ስም ማን ያውቃል?»

«ቫቫኡ በሙሉ» አልኩና ሳቄ አመለጠኝ። አክስቴ፣ በሳቄ ነው የጠፋሁት። «ሠራተኛዋ በጥያቄው ሳቀች» ተብሎ ተጻፈብኝ። «እንግዲያው መልስሽን ለሰው ተናግረሻል ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ ብል የፈረምሁበትን ደንብ አፍርሻለሁ፤ አይ ብል በርሜሎቹን የለቀቅሁ እኔ ነኝ። ዝም አልሁ። ዝምታዬም ተጻፈ።

ከሥራ ታግጃለሁ። ፖሊስ ክስ ይመሠረትብሻል ብሎኛል። ማታ ለእማዬ ስነግራት «ስሜን እዚያ ዕቃ ውስጥ ማን ከተተው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«ለምን?»

«ጠየቁኛ።»

«የጠየቀሽን ሁሉ ትሰጫለሽ?»

ኪቲዮኔ ደህና ነው። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ሥራ አልገባም።

ናኒሴ


ሎጋን
ሴፕቴምበር 15 ቀን 2019

ለናኒሴ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ደብዳቤሽን ብቻዬን አነበብሁት፤ ለመዘምራኑ ጉንፋን ይዞኛል አልኋቸው።

ኮምፒዩተር የማይሳሳት ነገር አይደለም። እዚህ እንኳ ባለፈው ወር የሞተች አሮጊት ምሳ አልበላችም ብሎ ነርሶቹን ሲያሯሩጥ ዋለ። ዕቃው ተበላሽቷል በያቸው፣ በዚያው ጽኚ። ነገር በጊዜ ብዛት ይበርዳል።

የማታውቂውን ሰው ስም ግን በአፍሽ እንዳታነሺ። ባልታየ ነገር ሰውን መወንጀል ኃጢአት ነው። ኪቲዮኔ ስልኩን አያነሳም፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ሥራ አልገባም ብለሽ ጽፈሽልኛል። አንብቤዋለሁ።

በወንድሜ መቃብር ላይ አዲስ አሸዋ አፍስሺልኝ።

ፒሲላ


ኔያፉ
ኦክቶበር 6 ቀን 2019

ለተከበሩ አክስቴ፤

ሰላምዎ ይብዛ። አሸዋውን አፍስሻለሁ፤ ነጩን፣ ከባሕሩ ዳር ያመጣሁትን።

ያላየሁትን እንዳልናገር አዝዘውኝ ነበር። አሁን ግን በጆሮዬ ሰማሁ። ኪቲዮኔ ሐሙስ ዕለት መጣ። በረንዳው ላይ ተቀመጠ፣ እማዬም በታሮ ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ አቀረበችለት። በላ። ጣቱን እየላሰ «ተቆጥተሻል አሉ» አለኝ።

«በርሜሎቹን የለቀቅኸው አንተ ነህ?»

«የሎጋን ጓደኞቼ ናቸው። ዕቃችን ታገደብን አሉኝ፣ ለቀቅሁላቸው። ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቅሁም። ምን አለበት?»

«በእኔ ስም!»

«ታዲያ በማን ስም ልግባ? በኢኖኬ ስም ብገባ ሌብነት ነው። ያንቺን ነገር ለመውሰድ ደግሞ ፈቃድ የምጠይቀው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ይሄ እኮ ሰሌን አይደለም፣ ኪቲዮኔ። አሳማም አይደለም። ስሜ ነው!»

«ስምሽም ቢሆን ከአጎቴ ቤት ነው የወጣው።»

እያሾፈ አልነበረም አክስቴ። ፊቱን አየሁት፤ እንደዚያ ነው የሚያምነው። እማዬ ገና ያልጨረሰውን ሳህን ከፊቱ አነሳች። በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። እሱም ተነሥቶ ሄደ።

ጠበቃዬ «ማን እንደገባ ስሙን ስጪኝ፣ ላወጣሽ እችላለሁ» ይላል። ስሙን ከሰጠሁት የስልኩን መረጃ አስመርምሮ ሊያሳይ ይችላል። እኔ ግን ያለ እርስዎ ቃል በልጅዎ ላይ አፌን አልከፍትም። እርስዎ ይዘዙት። ራሱ ሄዶ ይናገር። የእናቱን ቃል አይጥስም። ፍርድ ቤቱ ኖቬምበር 18 ነው። እማዬን ያስቧት፤ ከእኔ በቀር እጇን ይዞ የሚያወጣት የላትም።

ናኒሴ


ሎጋን
ኦክቶበር 27 ቀን 2019

ናኒሴ፤

በሰላም ያለሽ ይመስለኛል።

ልጄ አንዴ ከተያዘ መመለሻ የለውም። እዚህም መዝገብ አለው፤ እዚያም ከተጨመረበት ዕድሜውን እስር ቤት ይፈጃል። አንቺ ንጹሕ ነሽ፣ መንደሩ ያውቅሻል፣ ዳኛው ያዝንልሻል። ቢጨክንም ያንቺ አጭር ነው።

ስሙን እንዳታነሺ። ይህን የምልሽ ልብስ አጣቢዋ ፒሲላ አይደለሁም፤ የአባትሽ እኅት ነኝ። የአባት እኅት እርግማን ማሕፀን እንደሚዘጋ ታውቂያለሽ። አልረግምሽም። እንዳልረግምሽ አድርጊ።

ሉፔን አስባታለሁ። ብዙ ጊዜ አስባታለሁ።

ይህን ወረቀት አቃጥዪው።

የአባትሽ እኅት


ኔያፉ፣ ፖሊስ ጣቢያ
ዲሴምበር 1 ቀን 2019

ለተከበሩ አክስቴ ለፒሲላ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከቤትዎ አይለይ። ይህን ወረቀት ያወጣችልኝ የሳጅኑ ሚስት ናት፤ ፈጣሪ ይስጣት።

ትእዛዝዎን ፈጽሜአለሁ። ዳኛው «ማን ነው የገባው?» ሲሉኝ «አላውቅም» አልሁ። ጠበቃዬ ወረቀቱን ሰብስቦ ተቀመጠ። ሦስት ዓመት ፈረዱብኝ። ያዘኑልኝ ይመስለኛል፤ ሲያነቡ ቀና ብለው አላዩኝም።

ፕሮግራሙን አስተካክለውታል። አሁን ፓስወርዱን የረሳ ሰው ስለ እናቱ አይጠየቅም፤ በስልኩ የሚስጥር ቁጥር ይላክለታል። ጠበቃዬ «ጉድለት ካልነበረበት ለምን ለወጣችሁት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሚስ ብሮንዊን «እኛ ሁልጊዜ እናሻሽላለን» ብላ መለሰች። ኢኖኬ ችሎቱ ሲያልቅ መጥቶ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። እያለቀሰም «ልጆች አሉኝ፣ ናኒሴ» አለኝ።

ኪቲዮኔ የፊጂውን መርከብ ይዞ ሄዷል አሉ። የአባቴንም ሬዲዮ ይዞ ነው የሄደው።

የእርስዎ ቃል እኔን ያስራል አክስቴ፤ እማዬን ግን አያስርም። እሷ ደምዎ አይደለችም፣ የሌኢማቱአ ሰው ናት። በተፈረደብኝ ማግስት አጥር እየዳበሰች ጣቢያው ድረስ መጣች። በግድግዳው በኩል ሁሉም ይሰማኛል።

«እማማ ሉፔ፣ ምን ልርዳዎት?» አላት ሳጅን ሞሴሴ።

«የገባው ኪቲዮኔ ነው። ቤቴ በልቶ፣ በአፉ ነገረን።»

«እማማ፣ አሁን እኮ ተፈርዷል። እሷም አላውቅም ብላለች። ኮምፒዩተሩም የሚለው ናኒሴን ነው።»

«ኮምፒዩተሩ በሩን ከመክፈቱ በፊት ማንን ጠየቀ?»

«ያው... እናቷን ነው። የእናቷን ስም።»

«ምን ተብሎ ተመለሰለት?»

ሳጅኑ ወረቀት ሲያገላብጥ ሰማሁት። «ታኡኮሎ። ሌኢማቱአ።»

«እኔ ነኝ» አለች። «እዚህ አገር ሌላ የለችም። በሩ ፊት የቆምሁት እኔ ነኝ፣ የከፈትሁትም እኔ ነኝ። ልጄን ፍታና እኔን እሰረኝ።»

አንዱ ፖሊስ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሳጅኑ በመኪናው ቤት አደረሳት። በማግስቱ የመኝታ ሰሌኗን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ መጣች፤ የሚታሰር ሰው ምንጣፉን ይዞ ይመጣል ብላ። በረንዳው ላይ ዘርግታው ተቀመጠች። ማታ ማታ ይመልሷታል፣ ሲነጋ ትመጣለች። ፖሊሶቹ ለምደዋት ሻይና ዳቦ ያቀብሏታል።

ነገ ጀልባው ወደ ዋና ከተማው ወደ ኑኩአሎፋ እስር ቤት ይወስደኛል። አልነገርኋት፣ እነሱም አልነገሯት። ይህን ስጽፍልዎ ከግድግዳው ወዲያ ናት። አንድ ሰው በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር አረማመዱን ታዳምጥና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጠይቃለች።

«ተራዬ ደረሰ?»

የወንድምዎ ልጅ
ናኒሴ